ክቡር አይጠይቄ በአሸዋ መንገድ

መንገድ የማይጠይቅ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። በእኛ ቤት የለም የሚል ካለ፣ ሰውዬው እሱ ራሱ ነው። አጎት ይሆናል፣ አለቃ ይሆናል፣ የአክስት ባል ይሆናል፤ መልኩ ይለያይ እንጂ ነገረ ሥራው አንድ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ የሚጠፋው መንገዱ ነው። ሦስት ጊዜ ዞሮ የተነሳበት ደጃፍ ላይ ሲደርስ እንኳ «ይህንን ላሳያችሁ ብዬ ነው» ይላል እንጂ፣ ከጎኑ የሚያልፈውን ሰው «ወንድሜ፣ በየት ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ምላሱ ቢቆረጥ ይሻለዋል።

እነዚህ ሰዎች ማኅበር ቢያቋቁሙ ሊቀ መንበርነቱ ያለ ምርጫ የሚሰጠው ለጂኦግራፊው መምህር አማት፣ ለሚስቱ አባት ነው። (ማኅበሩ ግን አይቋቋምም፤ መሰብሰቢያው የት እንደሆነ የሚጠይቅ አባል ስለሌለ።) የሰፈሩ ሰው ከጀርባቸው «አይጠይቄ» ይላቸዋል፣ ከፊታቸው «ጋሼ»። መምህሩ በአፉ «አባባ» ነው የሚላቸው። በልቡ ግን ማዕረግ ጨምሮ «ክቡር አይጠይቄ» ይላቸዋል።

ክቡርነታቸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበሩ። ከአንዱ የስልክ እንጨት ወደ ሌላው እየዞሩ የተበጠሰ ሽቦ ሲቀጥሉ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ መሥሪያ ቤቱ ሲነዷት የኖሩትን ከባድ ሞተር ሳይክል መርቆ ሰጣቸው። ሁለት ኩንታል ተኩል ትመዝናለች። ስሟ ደርባባዋ ነው፤ ያወጡላትም እሳቸው ናቸው። ቆማ ስትታይ እውነትም ደርባባ ናት። ከወደቀች ግን ሁለት ሰው ካልተረባረበ አትነሳም፤ መምህሩም የወገብ ሕመም ምን እንደሆነ ያወቀው ከእሷ ጋር ከተዋወቀ ወዲህ ነው።

አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ሊታዩ ሆስፒታል ሄዱ። በሩ ላይ ያለችው ነርስ «የትኛው ክፍል ነው አባት?» ብትላቸው «አውቀዋለሁ ልጄ» ብለዋት አለፉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መምህሩ ፎቅ ወጥቶ ፎቅ ወርዶ ሲያገኛቸው፣ ማዋለጃው ክፍል ደጃፍ ከሚጠብቁት አባቶች መካከል ተቀምጠው ነበር። ሁለቱ እንኳን ደስ ያለዎት ብለዋቸዋል፤ እሳቸውም አሜን ብለዋል። «ዓይንዎትስ አባባ?» ቢላቸው «እዚህ ድረስ ሳያደናቅፈኝ ካመጣኝ፣ ምን ሆነ ብዬ ነው የማሳየው?» አሉት። ሐኪሙን ሳያገኙ ተመለሱ፤ እስከ ዛሬም አላገኙትም።

ሌላ ሰው እሳቸውን መንገድ ሲጠይቅ ደግሞ ደስታቸውን አይችሉትም። ሥራቸውን ጥለው እጃቸውን እያወናጨፉ ያስረዳሉ። «ወፍጮ ቤቱ የነበረበት ጋ ስትደርስ ወደ ቀኝ። ትልቁ ዛፍ የተቆረጠበትን ታልፋለህ። ከዚያ ያ የሞተው ልብስ ሰፊ ይቀመጥበት ከነበረው ፊት ለፊት፣ አለቀ።» ጠያቂው አመስግኖ ይሄዳል። ደርሶ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። መምህሩ «አባባ፣ የሌለ ነገር እኮ ነው የነገሩት» ሲላቸው «እሱ ባይኖር ቦታው የት ይሄዳል?» ይላሉ። ደግሞም አንድ የማትቀር አባባል አለቻቸው፤ «መንገድ አፍ የለውም እንጂ ያውቀኛል።»

መምህሩ ከእሳቸው ጋር አንድ ግቢ ውስጥ መኖር የጀመረው ልጃቸውን ሲያገባ ነው። ሚስቱ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ተዛወረች፤ እሱም በስድስት ወር ውስጥ እከተልሻለሁ አላት። ስድስት ወሩ ሁለት ዓመት ሆነ። ሦስት ጊዜ የዝውውር ማመልከቻ አስገባ፣ ሦስት ጊዜ «ክፍት ቦታ የለም» ተባለ። በዚህ መሃል አማትና አማች ሁለት ወንድ ብቻቸውን አንድ ራዲዮና አንድ ምድጃ ይዘው ቀሩ። ማታ ማታ አንዱ ሽንኩርት ይከትፋል፣ አንዱ ያማስላል፣ ከበሉ በኋላ ማን ይጠብ በሚለው ይጨቃጨቃሉ። ሚስት በስልክ «እንዴት ናችሁ?» ስትል ሁለቱም «ደህና ነን» ይላሉ። ባለፈው ጊዜ ግን «እኔ ያገባሁት ድምፅህን ነው እንዴ?» አለችው፤ መምህሩ ስለ አየሩ ሁኔታ ተናገረ።

አራተኛው ማመልከቻ ተፈቀደ። ደብዳቤው ግን ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ሄደው ስለነበር መሳቢያቸው ውስጥ ዘጠኝ ቀን ተኛ። መምህሩ እጅ የገባው አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ባለጉዳዩ ነገ እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ በከተማው ትምህርት ቢሮ በአካል ቀርቦ ካልፈረመ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል ይላል። የሚቀጥለው ዕድል የዛሬ ዓመት ነው። መምህሩ ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ በማለዳ አውቶቡስ መናኸሪያ ቢሄድ፣ የአስፋልቱ ድልድይ ትናንት ማታ ተደርምሷል፣ መኪና የለም አሉት። ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ወደ ቤት ተመለሰ።

ክቡር አይጠይቄ በዚያ የበጋ ሐሩር የቆዳ ጃኬታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ደርባባዋ አጠገብ ቆመው ነበር። የድልድዩን ወሬ ሰምተዋል። «በኋላው መንገድ እንሄዳለን» አሉ፤ «ለሌላ ሰው አራት ሰዓት ነው፣ ለእኔ ሦስት።» መምህሩ ምን ይበል? «አባባ፣ መንገዱን ያውቁታል?» ብሎ መጠየቅ አባቱን «ስምዎት ማን ነው?» እንደማለት ነው። ሄልሜቱን ደፍቶ ከኋላ ወጣ፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር።

የኋላው መንገድ የሚባለው፣ አስፋልቱ ሳይሠራ በፊት አገር ምድሩ ይሄድበት የነበረ ነው። የስልኩም መስመር የተዘረጋው በዚያው ነበር። አሁን የአሸዋ ሜዳ ነው፤ ከውሃ ቦቴ በቀር የሚያልፍበት የለም። ከከተማ እንደወጡ ክቡርነታቸው ቆሙና ከሁለቱም ጎማ አየር አስተነፈሱ። «ጎማ ሆዱን ካልዘረጋ አሸዋ አይሸከመውም» አሉ። ቀጥለውም ትምህርት ሰጡ። «አሸዋ ላይ ሦስት ነገር የለም። ፍሬን የለም፣ ፍርሃት የለም፣ ወሬ የለም። ዓይንህን ሩቅ ጣል፣ ወገብህን ለቀቅ አድርግ፣ እኔን አትጭመቀኝ።» ይህን ካሉ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጡ አወሩ።

ስለ አሸዋው የነገሩት ግን ልክ ነበር። ደርባባዋ ስትፈጥን ቀጥ ትላለች፤ ቀስ ስትል ኋላዋ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይዋልላል፣ የፊት ጎማዋ ይቀበርና መሪው ከእጅ ሊያመልጥ ይታገላል። የሚፈራ ሰው ደግሞ የሚያደርገው ቀስ ማለትን ነው። መምህሩ ከኋላ ተቀምጦ በሆዱ ቀስ ይላል፣ ክቡርነታቸው ነዳጅ ይሰጣሉ። ፀሐይዋ ከላይ፣ የሞተሩ ግለት ከታች፤ ጭንቅላቱ ሄልሜቱ ውስጥ ድስት ውስጥ እንደተከደነ ድንች ይበስል ጀመር። ነፋስ ቢመጣ እንኳ ሙቅ ነው፤ አሸዋውን ይዞ ጥርስ መሃል ይገባል።

መጀመሪያ የወደቁት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ደርባባዋ ስትወድቅ እንኳ በክብር ነው፣ ቀስ ብላ ጋደም ትላለች፤ ሰው ግን እንደሷ አይችልበትም። መምህሩ በአፉ አሸዋ ይዞ ሲነሳ ክቡርነታቸው ቆመው ጃኬታቸውን ያራግፋሉ። «አልወደቅንም» አሉ፤ «ጋደም አለች። ና፣ ጀርባህን ስጣት፣ ቁጢጥ በል፣ በእጅህ ሳይሆን በጉልበትህ ግፋ።» ገፉ፣ ተነሳች። ሁለተኛው ጊዜም እንዲሁ፣ ሦስተኛውም እንዲሁ።

መምህሩን ግራ ያጋባው ግን መውደቁ አልነበረም። ሽማግሌው ትንሽ እንደሄዱ ፍጥነት ይቀንሳሉ፣ አንገታቸውን ወደ ቀኝ ያዞራሉ፣ ለባዶ ሜዳው ነቀነቅ ያደርጋሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ነዳጅ ይሰጣሉ። ደግሞ ትንሽ ሄደው እንደዚያው። መምህሩ መጀመሪያ የሚያውቁት ሰው አይተው ሰላም እያሉ መሰለው፤ ሰው ግን የለም። ቀጥሎ ጸሎት መሰለው፤ ጸሎት ከሆነ ለምን ወደ ቀኝ ብቻ? ሙቀቱ አናታቸውን ነክቷቸው ይሆን እንዴ? ሊጠይቅ ፈለገና አሸዋ ላይ ወሬ የለም የተባለው ትዝ አለው።

በዚህ መሃል መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። ክቡርነታቸው ሳያመነቱ «ይቺ ናት» ብለው በቀኙ ገቡ። እሱም ለሁለት ተከፈለ፣ «ይቺ ናት»። መምህሩ እንግዲህ ባለሙያ አይደለሁም እንዴ ብሎ ስልኩን አወጣ። ኔትወርክ የለም። ካርታው ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ምንም ባልተጻፈበት ገጽ መሃል ቁጭ ብላለች። አሥራ አንድ ዓመት ለተማሪ አቅጣጫ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነውና በፀሐይ ሊለይ ቀና አለ፤ እሷም አናት ላይ ስለነበረች ምሥራቁም ምዕራቡም አንድ ሆነበት። ጥላውን ቢፈልግ እግሩ ሥር ተሸጉጧል። ወዲያው ስልኩ «በጣም ግያለሁ» የሚል ጽሑፍ አሳየና ጠፋ። መምህሩ ከዚያ በኋላ ኪሱ ውስጥ የያዘው ትኩስ ብረት ብቻ ነው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ የፈረሰ የሲሚንቶ ውሃ ማጠራቀሚያ አለፉ፤ አጠገቡ ግማሹ የተቀበረ የመኪና ጎማ አለ። ስድስት ሰዓት ላይ የፈረሰ የሲሚንቶ ማጠራቀሚያ አለፉ፤ አጠገቡ ጎማ አለ።

«አባባ፣ ይህን ቅድም አላለፍነውም?»

«ያኛው ሌላ ነው።»

«ያኛውም ጎማ ነበረው።»

«ጎማ የሚጥል ሰው ሁለት ቦታ ቢጥል ማን ይከለክለዋል?»

ይህም አንድ ነገር ነው አለና መምህሩ ዝም አለ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ግን ያው ማጠራቀሚያና ያው ጎማ ለሦስተኛ ጊዜ ከፊታቸው ብቅ አሉ፤ ጎማው አጠገብ ደግሞ ቅድም እዚያው ሲወድቁ መምህሩ የጣለው የውሃ ጠርሙስ ተኝቷል።

ያን ጊዜ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣበት። ሙቀት ያመጣው ይሁን ጥማት፣ መጣበት። እኚህ ሰው ለምን እንዲህ ቸኩለው አወጡኝ? እኔ ዛሬ ከፈረምኩ ማን ሽንኩርት ይከትፍላቸዋል? ልጃቸው ስትሄድ ምንም አላሉም፣ «ቤቱ ሰፋ» ብቻ ነው ያሉት፤ እኔ ደግሞ ስሄድ ቤቱ ምን ያህል ሊሰፋባቸው ነው? ሠላሳ አንድ ዓመት የተመላለሱበትን መንገድ እንዴት ሰው ይስታል? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ዘጠኝ ሰዓት እስኪያልፍ አሸዋ ላይ እያዞሩኝ ከሆነስ? ሐሳቡን ሊያባርረው ሞከረ፤ ሐሳቡ ግን ከኋላው ወንበር ተፈናጦ አብሮ ሄደ። ሚስቱ «ድምፅህን ነው እንዴ?» ያለችው ጆሮው ላይ እየጮኸ መቻል አቃተው።

«ይቁሙ አባባ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ አይቆጡኝ።»

ቆሙ። «መንገድ ካልሆነ ጠይቅ።»

«ሆን ብለው ነው?»

«ምኑን?»

«እንዳልደርስ። እንዳልሄድብዎት።»

ሽማግሌው ሞተሩን አጠፉ። ወረዱና ደርባባዋ በምትሰጠው ስንዝር ጥላ ሥር አሸዋው ላይ ተቀመጡ፤ በቆዳ ጃኬታቸው፣ ፊታቸው ዱቄት እንደተነፋበት ሆኖ። መምህሩ ሲቆጡ እየጠበቀ ነበር። አልተቆጡም።

«ልጄን ከባሏ የምለይ ሰው እመስላለሁ?» አሉ። ባዶውን ሜዳ በእጃቸው እያሳዩ «እንጨቶቹን ነቅለዋቸዋል» አሉ።

«የትኞቹን?»

«የስልኩን እንጨቶች ነዋ። ሁሉም ቁጥር ነበራቸው። ከእኛ ከተማ አንድ ብሎ ይጀምራል። እኔ መንገድ አላውቅም ልጄ፤ እንጨት ነው የማውቀው። አምስት መቶ ስልሳ ሁለት ላይ ወደ ግራ ነው የሚታጠፈው። ጠዋት ስንወጣ ቦታቸውን እያንዳንዱን አውቄው ነበር፤ እየቆጠርኩ ነው የመጣሁት። ከአራት መቶ ወዲያ ግን አሸዋው ተዛውሯል። ጉብታ የነበረው ጎድጓዳ ሆኗል። አራት መቶ አምስት ይሁን አራት መቶ ሃምሳ አላወቅኩም። ዝም ብዬ ነው ለባዶ ቦታ ሰላምታ ስሰጥ የዋልኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«የጂኦግራፊ መምህር ከኋላዬ ተቀምጦ እንዴት እጠፋለሁ ብዬ ነው» አሉ። ሊያላግጡበት አልነበረም፤ ከልባቸው ነው። «ስሳሳት ቆይ አባባ ትለኛለህ ብዬ ነበር። ዝም ስትል ልክ ነን ማለት ነው አልኩ።»

መምህሩ ሆን ብለው ቢሆን ይሻለው ነበር። ተንኮል ቢሆን ይቆጣል፣ ይኮርፋል፣ ለሚስቱ ይከሳል። ይህን ግን ምን ያደርገዋል? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የተመላለሱበት መንገድ ከእግራቸው ሥር ተስቦ የሄደባቸው ሰው እግሩ ሥር ተቀምጠዋል፤ እሱ ደግሞ በክፋት ጠርጥሯቸዋል። «ይቅርታ አባባ» ሊል አፉን ሲከፍት የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ።

ከፊታቸው ካለው ጉብታ ማዶ አንድ የውሃ ቦቴ ቆሟል። ሾፌሯ፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት፣ መኪናው ጥላ ሥር ጫማዋን አውልቃ ውሃ ትጠጣለች። ክቡርነታቸው ተነሱ፣ ጃኬታቸውን አራገፉ፣ ወደ እሷ ሄዱ። መምህሩም ተከተለ፤ የሚሆነውን ማመን አቅቶታል።

«ደህና ዋልሽ ልጄ» አሉ ክቡርነታቸው። «ይህ መንገድ ወደ ከተማው ይወስዳል።»

«አይወስድም አባት።»

«ድሮ ይወስድ ነበር።»

«ድሮ እኔ አልነበርኩም።»

ሽማግሌው ዘወር ብለው መምህሩን አዩት። ቀጥለው ሰዓታቸውን አዩ፤ ሰባት ሰዓት ሆኗል። አሁን እኚህ ሰው «ይቺ ናት» ይላሉ፣ ደርባባዋ ላይ ይወጣሉ፣ ማጠራቀሚያውን ለአራተኛ ጊዜ እናየዋለን ብሎ መምህሩ ተስፋ ቆረጠ። እሳቸው ግን የሄልሜታቸውን ማሰሪያ ፈቱ፣ አወለቁት፣ ብብታቸው ሥር ያዙት። ጥቂት ሽበታቸው በላብ ተጣብቋል።

«ልጄ፣ ጠፍተናል» አሉ። «ይህ ልጅ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ከተማ መድረስ አለበት። ሚስቱ የኔ ልጅ ናት፣ ሁለት ዓመት ተለያይተዋል። በየት ነው የምንሄደው?»

መምህሩ ፊቱን አዞረ። ሰው ልብሱን ሲቀይር በድንገት የገባ ያህል አፍሮ የቦቴውን ጎማ ይመለከት ጀመር። ሾፌሯ አልሳቀችም። ጫማዋን አጥልቃ ተነሳች፣ አሸዋው ላይ በጣቷ ሥላ አስረዳቻቸው። የቦቴዬን ዱካ ወደ ኋላ ተከተሉት፣ ደረቁ ወንዝ ጋ ስትደርሱ ወደ ግራ፣ ከዚያ አስፋልቱ ነው፤ ከተሰበረው ድልድይ አልፋችሁ ትወጣላችሁ፤ ከዚያ በአንድ ሰዓት ከተማ ናችሁ። ክቡርነታቸው ሁለት ጊዜ አስደገሟት። ከዚያ እንደ ተማሪ «ዱካ፣ ደረቅ ወንዝ፣ ግራ» እያሉ ደገሙላት። ከመኪናዋ የአየር ቱቦ ስባ ለአስፋልቱ እንዲሆናቸው የደርባባዋን ጎማዎች ሞላችላቸው፣ አንድ ጀሪካን ውሃም ሰጠቻቸው። ግማሹን ጠጡት፣ ግማሹን አናታቸው ላይ አፈሰሱት።

አንዴ የተከፈተ አፍ ደግሞ አይዘጋም። ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ ከተማ ሲገቡ ክቡርነታቸው ትምህርት ቢሮው የት እንደሆነ ትራፊክ ፖሊሱን ጠየቁ፤ አላመኑትምና ጋዜጣ ሻጩንም ጠየቁ። በሩ ላይ ጥበቃውን፣ ደረጃው ላይ ጽዳት ሠራተኛዋን፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ራሱ ባለጉዳይ የሆነ ሰው ጠየቁ። መምህሩ «አባባ፣ በሩ ላይ ተጽፏል እኮ» ሲላቸው «ማረጋገጥ አይከፋም» አሉት።

የዝውውር ክፍሉ ሠራተኛ ማኅተሟን ወደ መሳቢያ ልትከት ስትል ሁለት አሸዋ የለበሱ ሰዎች ገቡባት። ደብዳቤውን አነበበች፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፣ ፎርሙን አወጣች። እሷ ትጠይቃለች፣ መምህሩ ይመልሳል፣ እሷ ትጽፋለች። የዝውውሩ ምክንያት፣ ቤተሰብ መጠቅለል። የአገልግሎት ዘመን፣ አሥራ አንድ ዓመት።

«በአዲሱ ቦታ አብረው የሚኖሩ የቤተሰብ አባላት ብዛት?»

«ሁለት» አለ መምህሩ። ከዚያ ቆም አለ።

ክቡርነታቸው መስኮቱ አጠገብ በአንድ እግር ቆመው ከጫማቸው ያለውን አሸዋ የቢሮው አበባ ማሰሮ ውስጥ ያራግፉ ነበር። መንገዱን አሁን ያውቁታል። በደረቁ ወንዝ፣ በቦቴው ዱካ፣ ብቻቸውን ይመለሳሉ። ቢወድቁ ደርባባዋን ማን ያነሳላቸዋል? ባልና ሚስት ይህን ነገር በስልክ ስንት ጊዜ አንስተውታል፤ ሁልጊዜም «አባባ እኮ ቤታቸውን አይለቁም» ብለው ዘግተውታል። መምህሩ ለእሳቸው የነበረውን ነገር እስከዚያች ደቂቃ ልብ አላለውም ነበር። አስቸጋሪነታቸውን ነበር የሚያውቀው፤ እንደሚወዳቸው ግን ሰው አልነገረውም።

«ሦስት ይበሉት» አለ።

«ባለቤትዎ፣ እርስዎ፣ ሦስተኛው ማን ናቸው?»

«አባታችን።»

ክቡርነታቸው ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ ዘወር አሉ። «ማን? እኔ? ማን ጠየቀኝ?»

እውነታቸውን ነው። መምህሩ ወደ እሳቸው ዞረ፤ አፉ ውስጥ የቀረው አሸዋ ጥርሱ መሃል ተንቀጫቀጨ።

«አባባ፣ ከእኛ ጋር ይኖራሉ?»

ሽማግሌው ጫማቸው ውስጥ አንድ ነገር የጠፋባቸው ይመስል አቀርቅረው ደጋግመው አራገፉት። ሠራተኛዋ እስክሪብቶዋን አንስታ ትጠብቃለች። በመጨረሻ ቀና አሉና እሱን ሳይሆን እሷን አዩ።

«ጻፊው እንጂ ልጄ» አሉ፤ «ዘጠኝ ሊሞላ ነው።»